ሞዳችሁ ሴቭ ሲደረግ የያዘውን እንዳይረሳ፦ የፋክቶሪዮ የማስጀመሪያ ፈንክሽኖችና ስኮፕ

ፋክቶሪዮ የተባለውን የፋብሪካ ግንባታ ጌም የሚጫወት ሰው አንድ ፋብሪካ ላይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያሳልፋል። ያ ሁሉ ልፋት የሚኖረው አንድ ሴቭ ፋይል ውስጥ ነው። የእናንተ ሞድም፣ ማለትም ጌሙ ላይ የምትጨምሩት ትንሽ ፕሮግራም፣ የራሱን መረጃ እዚያው ሴቭ ውስጥ ያስቀምጣል። ሞዱ ሎድ ሲደረግ ነገሩን ከዜሮ ከጀመረ ወይም በኤረር ከቆመ ተጎጂው ያ ሰው ነው። ስለዚህ ይህን ርዕስ ቀለል አድርጌ አላየውም።

ማንኛውንም ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የት ድረስ ይታያል? እስከ መቼ ይኖራል? የመጀመሪያውን የሚመልሰው ስኮፕ ነው። ሁለተኛውን የሚመልሱት የማስጀመሪያ ፈንክሽኖቹ፣ ማለትም ጌም ሲጀመር ወይም ሴቭ ሲከፈት ጌሙ የሚጠራቸው የኮድ ክፍሎች ናቸው። ብዙ ጊዜ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ ይማሯቸዋል። አንድ ላይ ካልታዩ ግን አንዳቸውም በደንብ አይገቡም።

ፋክቶሪዮ የተሠራው በቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በፕራግ በሚገኘው ውቤ ሶፍትዌር (Wube Software) በተባለ ኩባንያ ነው። የሞድ ቋንቋው ሉዋ ይባላል። ሉዋ በ1993 ብራዚል፣ ሪዮ ዴ ጃኔይሮ በሚገኘው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተወለደ። ጌሙ የሚጠቀመው ለራሱ እንዲመች የተስተካከለውን ሉዋ 5.2 ነው። እዚህ የምጽፈው ለጌሙ ቨርዥን 2.0 ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የኮዱን ቃላት የምጽፋቸው እንደሚነበቡት ነው። እናንተ ኤዲተር ላይ በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንንሽ ፊደላት ትተይባላችሁ። የስር ሰረዝና ነጥብ ያለበትን ቦታ እንዳለ ጠብቁ። ለቫሪያብሎቼ የሰጠኋቸውን የአማርኛ ስሞችም በላቲን ጻፏቸው፤ ሉዋ የቫሪያብል ስም በግዕዝ ፊደል አይቀበልም።

የምንሠራው ሞድ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ስንት ዕቃ እንደተከለ ይቆጥራል፤ ማሽንም ይሁን ቀበቶ ወይም ምሰሶ። ትንሽ ቢሆንም ሁሉንም ወጥመድ ያሳየናል።

እርምጃ 1፦ ፎልደሩን አዘጋጁ

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ የሞድ ፎልደሩ አፕዳታ ውስጥ፣ ሮሚንግ፣ ፋክቶሪዮ፣ ሞድስ የሚለው ነው። ሊኑክስ ላይ በራሳችሁ ሆም ስር፣ በነጥብ የሚጀምረው የፋክቶሪዮ ፎልደር ውስጥ ታገኙታላችሁ። እዚያ አዲስ ፎልደር ክፈቱና ለሞዱ የምትሰጡትን ስም ስጡት። ዚፕ ማድረግ አያስፈልግም፤ ስትሠሩ ክፍት ፎልደር ይሻላል።

ውስጡ ሁለት ፋይል ፍጠሩ። አንዱ ኢንፎ.ጄሰን ነው። እሱ ውስጥ ስም፣ ቨርዥን፣ ርዕስ፣ ደራሲና የጌሙ ቨርዥን ይገባሉ። የሞዱ ቨርዥን ሦስት ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ 0.1.0። የጌሙ ቨርዥን ግን ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ 2.0። በኢንፎ.ጄሰን ውስጥ ያለው ስምና የፎልደሩ ስም መመሳሰል አለባቸው።

ሁለተኛው ፋይል ኮንትሮል.ሉዋ ነው። ሥራችን በሙሉ እዚህ ነው።

እርምጃ 2፦ ኮዱ በየትኛው ምዕራፍ እንደሚሮጥ ለዩ

ፋክቶሪዮ ሞዶችን በሦስት ምዕራፍ ያነባል። መጀመሪያ የሴቲንግስ ምዕራፍ ነው። ቀጥሎ የዳታ ምዕራፍ ይመጣል፤ አዳዲስ ዕቃዎች፣ ማሽኖችና የአሠራር ቀመሮች የሚታወጁት እዚያ ነው። እነዚህ ሁለቱ ጌሙ ሲከፈት፣ ዋናው ሜኑ ገና ሳይመጣ ያልቃሉ። ሦስተኛው የኮንትሮል ምዕራፍ ነው። ይህ የሚጀምረው ተጫዋቹ አዲስ ጌም ሲጀምር ወይም ሴቭ ሲከፍት ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ትልቅ የስኮፕ ልዩነት አለ። በሴቲንግስና በዳታ ምዕራፍ ሞዶች ሁሉ አንድ የሉዋ ቤት ይጋራሉ። አንዱ ሞድ ሎካል (በተወሰነ ቦታ ብቻ የሚታይ) ሳይል የፈጠረው ቫሪያብል ለሌላው ይታያል፤ ስማቸው ከተመሳሰለ አንዱ የሌላውን ይደመስሳል። በኮንትሮል ምዕራፍ ግን እያንዳንዱ ሞድ የራሱ ቤት አለው። የእናንተ ግሎባል ቫሪያብል ከሞዳችሁ አይወጣም። ሌላ ሞድ እንዲጠራችሁ ከፈለጋችሁ ሪሞት በሚባለው መንገድ በይፋ በር ትከፍታላችሁ።

ዳታ የሚባለው ነገር በኮንትሮል ምዕራፍ የለም። ጌም የሚባለው ደግሞ በዳታ ምዕራፍ የለም። አንዱን በሌላው ቦታ ከጠራችሁ ኒል ነው የሚል ኤረር ይመጣል። ኒል ማለት ባዶ፣ ምንም የሌለበት ማለት ነው። ይህን ኤረር ስታዩ መጀመሪያ የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳላችሁ ተመልከቱ።

እርምጃ 3፦ የተሳሳተውን መንገድ ሞክሩት

ኮንትሮል.ሉዋ ላይ ይህን ጻፉ። ዕቃ በተተከለ ቁጥር ጌሙ ኢቨንት፣ ማለትም የክስተት ማሳወቂያ፣ ይልካል፤ ኮዱ እሱን ይጠብቃል።

ሎካል ቆጠራ = 0

ስክሪፕት.ኦን_ኢቨንት(ዲፋይንስ.ኢቨንትስ.ኦን_ቢልት_ኤንቲቲ, ፈንክሽን(ኢቨንት)
    ቆጠራ = ቆጠራ + 1
    ጌም.ፕሪንት(ቆጠራ)
ኤንድ)

አዲስ ጌም ጀምሩና ጥቂት ዕቃ ትከሉ። 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቆጥራል። ስኮፑም ትክክል ነው፤ ፋይሉ አናት ላይ የታወጀ ሎካል ከሱ በታች ላሉት ፈንክሽኖች ሁሉ ይታያል።

አሁን ሴቭ አድርጉ፣ ውጡ፣ መልሳችሁ ክፈቱ። አንድ ዕቃ ትከሉ። 1 ይላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮንትሮል.ሉዋ ሴቭ በተከፈተ ቁጥር ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ይሮጣል። አናቱ ላይ ያለው መስመር ቆጠራን ዜሮ ያደርገዋል። ሎካል ቫሪያብል ሴቭ ፋይል ውስጥ አይገባም። ግሎባል ቢሆንም ለውጥ የለውም፤ እሱም አይቀመጥም።

ብቻችሁን ስትጫወቱ ይህ ሊያናድድ ይችላል፤ ከዚያ አያልፍም። ከጓደኞች ጋር ሲሆን ግን ከባድ ነው። በፋክቶሪዮ መልቲፕሌየር የሁሉም ሰው ኮምፒውተር ያንኑ ጌም ለራሱ ያሰላል። በኢንተርኔት የሚተላለፈው ተጫዋቾቹ የነኩት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ውጤቱ ፍጹም አንድ መሆን አለበት። አሁን ቆጠራው 100 ሲደርስ ሽልማት የሚሰጥ ኮድ ጨመራችሁ እንበል። ሰርቨሩ ላይ ቆጠራው 99 ነው። አዲስ ጓደኛ ገባ። የእሱ ኮምፒውተር ሴቩን አውርዶ ኮንትሮል.ሉዋን ሲያሮጥ ቆጠራው 0 ሆነ። ቀጣዩ ዕቃ ሲተከል ሰርቨሩ ሽልማት ይሰጣል፤ የእሱ ኮምፒውተር አይሰጥም። ሁለቱ ዓለም ተለያየ። ይህ ዲሲንክ ይባላል። ጌሙ ልጁን ያስወጣዋል፣ ሴቩንም እንደገና እንዲያወርድ ያደርገዋል።

እርምጃ 4፦ የሚቀመጠውን ወደ ስቶሬጅ አዛውሩ

ፋክቶሪዮ ለእያንዳንዱ ሞድ ስቶሬጅ የሚባል አንድ ቴብል (ብዙ ዋጋዎችን በስም ወይም በቁጥር ለይቶ የሚይዝ ነገር) ይሰጣል። ከሴቩ ጋር የሚቀመጠው እሱ ብቻ ነው። ከ2.0 በፊት ስሙ ግሎባል ነበር። የቆየ መመሪያ ስታነቡ ግሎባል ነጥብ እያለ የሚጀምር ኮድ ካያችሁ በስቶሬጅ ተኩት።

ስቶሬጅ ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ እውነት ወይም ሐሰት የሚሉ ዋጋዎችን እና ቴብሎችን ይይዛል። የጌም ዕቃዎችንም ይይዛል፤ ለምሳሌ አንድ የተተከለ ማሽን። ማሽኑ በመሀል ሊፈርስ ስለሚችል ከመጠቀማችሁ በፊት ቫሊድ (አሁንም ያለ) መሆኑን አጣሩ። ፈንክሽን ግን ስቶሬጅ ውስጥ አታስገቡ፤ ሴቭ ሲደረግ ኤረር ይመጣል።

ስቶሬጅን መጀመሪያ የምናሰናዳው የት ነው? የማስጀመሪያ ፈንክሽኖቹ የሚገቡት እዚህ ጋ ነው። ሦስት ናቸው። ኦን_ኢኒት፣ ኦን_ሎድ እና ኦን_ኮንፊገሬሽን_ቼንጅድ።

ኦን_ኢኒት የሚጠራው ሞዱ ለአንድ ሴቭ አዲስ ሲሆን ነው። አዲስ ጌም ሲጀመር ይጠራል። ወይም ሞዱ ከዚህ በፊት ባልነበረበት አሮጌ ሴቭ ውስጥ ሲገባ። ለዚያ ሴቭ ሁለተኛ ጊዜ አይጠራም። ኦን_ሎድ ደግሞ ሞዱ ቀድሞ የነበረበት ሴቭ በተከፈተ ቁጥር፣ እንዲሁም ሰው መልቲፕሌየር ውስጥ ሲገባ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ይጠራል። ልጅ ስም የሚወጣለት አንዴ ነው፤ ከእንቅልፉ በነቃ ቁጥር ስም አይወጣለትም። ኦን_ኢኒት ስም የሚወጣበት ቀን ነው፤ ኦን_ሎድ መንቃት ነው።

በአንድ ጥሪ ሁለቱም አይመጡም። ኦን_ኢኒት ከተጠራ ኦን_ሎድ በዚያ ጊዜ አይጠራም። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

እርምጃ 5፦ ማዘጋጃውን ደጋግሞ ቢጠራ ጉዳት በማያደርስ መልኩ ጻፉት

በእርምጃ 3 የጻፋችሁትን አጥፉና በዚህ ተኩት።

ሎካል ፈንክሽን ተጫዋች_አዘጋጅ(ቁጥር)
    ኢፍ ኖት ስቶሬጅ.ቆጠራ[ቁጥር] ዜን
        ስቶሬጅ.ቆጠራ[ቁጥር] = 0
    ኤንድ
ኤንድ

ሎካል ፈንክሽን ሁሉን_አዘጋጅ()
    ስቶሬጅ.ቆጠራ = ስቶሬጅ.ቆጠራ ኦር {}
    ፎር ቁጥር ኢን ፔርስ(ጌም.ፕሌየርስ) ዱ
        ተጫዋች_አዘጋጅ(ቁጥር)
    ኤንድ
ኤንድ

ስክሪፕት.ኦን_ኢኒት(ሁሉን_አዘጋጅ)
ስክሪፕት.ኦን_ኮንፊገሬሽን_ቼንጅድ(ሁሉን_አዘጋጅ)

ስክሪፕት.ኦን_ኢቨንት(ዲፋይንስ.ኢቨንትስ.ኦን_ፕሌየር_ክሪኤትድ, ፈንክሽን(ኢቨንት)
    ተጫዋች_አዘጋጅ(ኢቨንት.ፕሌየር_ኢንዴክስ)
ኤንድ)

ስክሪፕት.ኦን_ኢቨንት(ዲፋይንስ.ኢቨንትስ.ኦን_ቢልት_ኤንቲቲ, ፈንክሽን(ኢቨንት)
    ሎካል ቁጥር = ኢቨንት.ፕሌየር_ኢንዴክስ
    ስቶሬጅ.ቆጠራ[ቁጥር] = ስቶሬጅ.ቆጠራ[ቁጥር] + 1
    ጌም.ጌት_ፕሌየር(ቁጥር).ፕሪንት(ስቶሬጅ.ቆጠራ[ቁጥር])
ኤንድ)

እያንዳንዱ ክፍል ምክንያት አለው። አንድ በአንድ እንየው።

ተጫዋቾችን በሁለት መንገድ ያዘጋጀነው ለምንድን ነው? አዲስ ጌም ሲጀመር ኦን_ኢኒት በሚጠራበት ሰዓት ገና አንድም ተጫዋች የለም። የተጫዋቾች ዝርዝር ባዶ ነው፤ ፎር የሚለው ምንም ሳይሠራ ያልፋል። ተጫዋቹ ከዚያ በኋላ ሲፈጠር ኦን_ፕሌየር_ክሪኤትድ ይመጣል። ሞዱ አሮጌ ሴቭ ላይ ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ተጫዋቾቹ ድሮ ተፈጥረዋል፤ ያ ኢቨንት ለእነሱ ዳግም አይመጣም። በኦን_ኢኒት ካልያዝናቸው ሳይዘጋጁ ይቀራሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ዕቃ ሲተክሉ ኒል ላይ 1 ለመደመር ተሞከረ የሚል ኤረር ይመጣል፤ ጌሙም ይቆማል። ሞዱን ሁልጊዜ በአዲስ ጌም ብቻ የሚሞክር ሰው ይህን ኤረር በራሱ ኮምፒውተር ላይ አያየውም። የሚያየው ሞዱን ያወረደው ሰው ነው።

ማስመዝገቢያው ላይ ሁሉን_አዘጋጅ ስንል ቅንፍ አልጨመርንም። ቅንፍ ብንጨምር ፈንክሽኑ ፋይሉ ሲነበብ ወዲያው ይሮጣል። በዚያ ሰዓት ጌም የሚባለው ነገር ገና ኒል ነው። እኛ የምንፈልገው ፈንክሽኑን ለጌሙ መስጠት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ እሱ ራሱ ይጠራዋል።

ተጫዋች_አዘጋጅ ከሁሉን_አዘጋጅ በላይ የተጻፈው በአጋጣሚ አይደለም። ሉዋ ውስጥ ሎካል የሚታየው ከታወጀበት መስመር በታች ነው። ቦታቸውን ብትቀያይሩ ሁሉን_አዘጋጅ ውስጥ ያለው ስም ግሎባል እየተፈለገ ነው ተብሎ ይወሰዳል። እንደዚያ ያለ ግሎባል ስለሌለ ኒል ይሆናል። ከሌላ ቋንቋ የመጡ ሰዎች እዚህ ላይ ብዙ ሰዓት ያጠፋሉ፤ ፈንክሽኑ በዓይናቸው እየታየ የለም ስለሚባሉ።

ሌላም አለ። በአንድ ሞድ ውስጥ ለአንድ ኢቨንት አንድ ፈንክሽን ብቻ ነው የሚመዘገበው። ለኦን_ቢልት_ኤንቲቲ ሁለት ጊዜ ብታስመዘግቡ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጠፋዋል፤ ኤረርም አይሰጣችሁም። ማስጀመሪያዎቹም እንደዚያው ናቸው። ሁለት ኦን_ኢኒት መጻፍ አይቻልም። ሁለት ሥራ ካለ አንድ ፈንክሽን ውስጥ ተራ በተራ ጥሯቸው።

እርምጃ 6፦ ሎካልን የት እንደምታውጁ ተጠንቀቁ

ሉዋ ውስጥ ሎካል ካላላችሁ ቫሪያብሉ ግሎባል ነው። ብዙ ቋንቋ ከዚህ ተቃራኒ ስለሆነ መርሳት ቀላል ነው። እኔ የምመክረው ሎካልን ነባሪ ልማድ ማድረግ ነው። ግሎባል የምትጽፉት አስባችሁበት ሲሆን ብቻ ይሁን።

የሎካል ወሰን የታወጀበት ብሎክ ነው። ኢፍ፣ ፎር፣ ዋይል፣ ፈንክሽን እያንዳንዳቸው እስከ ኤንድ ድረስ ብሎክ ይፈጥራሉ።

ኢፍ ቁጥር == 1 ዜን
    ሎካል ሰላምታ = "እንኳን ደህና መጣህ"
ኤንድ
ጌም.ፕሪንት(ሰላምታ)

የመጨረሻው መስመር ላይ ሰላምታ ኒል ነው። ኤንድ ሲደርስ አብሮ አለቀ። መፍትሔው ከኢፍ በላይ ሎካል ሰላምታ ብሎ ማወጅ፣ ውስጡ ደግሞ ሎካል ሳይሉ ዋጋ መስጠት ነው።

ኦን_ኢኒት ላይ ያለው ተመሳሳይ ስህተት ይበልጥ ያደናግራል። ሰዎች ኦን_ኢኒት ውስጥ ሎካል ቆጠራ ብለው ያውጁና ኢቨንቱ ውስጥ ሊጠቀሙበት ይሞክራሉ። ኦን_ኢኒት ማስጀመሪያ ቢባልም ፈንክሽን ነው። ውስጡ የታወጀ ሎካል ፈንክሽኑ ሲያልቅ ይጠፋል። የተለየ መብት የለውም።

ኮዱ ሲበዛ በብዙ ፋይል ትከፋፍሉታላችሁ፤ ሪኳየር በሚለው ትጠሩታላችሁ። በአንድ ፋይል አናት ያለ ሎካል ለሌላው ፋይል አይታይም። ለማካፈል ፋይሉ መጨረሻ ላይ አንድ ቴብል በሪተርን ይመልስ። ሪኳየርን ደግሞ ፋይሉ አናት ላይ ብቻ ጻፉት። ኢቨንት ውስጥ ብትጠሩት ፋክቶሪዮ አይፈቅድም።

እርምጃ 7፦ ኦን_ሎድን ካላስፈለጋችሁ አትንኩት

የጻፍነው ሞድ ኦን_ሎድ የለውም፤ አያስፈልገውምም። ስቶሬጅ በራሱ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ሰው ግን ሎድ የሚል ስም ስላየ ብቻ የማዘጋጃ ኮዱን እዚያ ይጨምራል። ይህ አደገኛ ነው።

ኦን_ሎድ ውስጥ ጌም የለም፤ ብትጠሩት ኒል ነው። ስቶሬጅን ማንበብ ይቻላል፤ መቀየር ግን ክልክል ነው። ብትቀይሩ ጌሙ ራሱ ያውቅባችሁና በኤረር ያቆመዋል። ክልከላው ምክንያት አለው። አንድ ሰው መልቲፕሌየር ሲገባ ኦን_ሎድ የሚሮጠው በእሱ ኮምፒውተር ብቻ ነው። እዚያ የተቀየረ ነገር የሌሎቹ ዘንድ አይቀየርም። በእርምጃ 3 ያየነው ዲሲንክ በሌላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የተፈቀዱት ሥራዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው በጌሙ ያልተመዘገቡ ሜታቴብሎችን (የሌላ ቴብል ባህሪ የሚወስኑ ቴብሎችን) መልሶ ማያያዝ ነው። ሁለተኛው በሁኔታ የሚመዘገቡ ኢቨንቶችን መልሶ ማስመዝገብ ነው። ሦስተኛው ስቶሬጅ ውስጥ ላለ ነገር ሎካል አቋራጭ መፍጠር ነው።

ሁለተኛው በተግባር ብዙ ይመጣል። ጌሙ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመታል፤ እያንዳንዱ ምት ቲክ ይባላል። ኦን_ቲክ ላይ የተመዘገበ ፈንክሽን በሰከንድ 60 ጊዜ ይጠራል። ሥራ ሳይኖር ይህን ማስጠራት የተጫዋቹን ኮምፒውተር ያደክማል። ስለዚህ ጥሩ ሞድ ሥራ ሲኖር ያስመዘግባል፤ ሲያልቅ በፈንክሽኑ ቦታ ኒል ሰጥቶ ይሰርዛል። ምዝገባው ግን ሴቭ ውስጥ አይገባም። ሥራ ላይ እያለ ሴቭ ከተደረገ፣ ሲከፈት ኦን_ቲክ አይኖርም። ኦን_ሎድ ስቶሬጅን አይቶ፣ ያላለቀ ሥራ ካለ፣ መልሶ ማስመዝገብ አለበት።

ሦስተኛው የስኮፕ ወጥመድ አለው። እንዲህ ነው የሚጻፈው።

ሎካል ቆጠራ

ሎካል ፈንክሽን አገናኝ()
    ቆጠራ = ስቶሬጅ.ቆጠራ
ኤንድ

ስክሪፕት.ኦን_ሎድ(አገናኝ)

እዚህ ሦስት ስህተት ይሠራል። አንዱ አገናኝ ውስጥ ሎካል ቆጠራ ብሎ መድገም ነው። ያኔ ፈንክሽኑ ውስጥ ብቻ የሚኖር ሌላ ቫሪያብል ይፈጠራል፤ የላይኛው ኒል እንደሆነ ይቀራል። ሁለተኛው ፈንክሽኑን ትቶ ፋይሉ አናት ላይ ሎካል ቆጠራ = ስቶሬጅ.ቆጠራ ብሎ መጻፍ ነው። ፋይሉ ሲነበብ ስቶሬጅ ከሴቩ ገና አልተመለሰም፤ ስለዚህ ኒል ነው። ሦስተኛው አገናኝን በኦን_ሎድ ብቻ መጥራት ነው። ኦን_ኢኒት ሲጠራ ኦን_ሎድ አይጠራም ብያለሁ። ስለዚህ በአዲስ ጌም አቋራጩ ባዶ ይሆናል። አገናኝን በሁሉን_አዘጋጅ መጨረሻም ጥሩት፤ ለዚህም አገናኝ ከሁሉን_አዘጋጅ በላይ መታወጅ አለበት።

ለትንሽ ሞድ ግን አቋራጩን ተዉት። ስቶሬጅ.ቆጠራ ብሎ በሙሉ መጻፍ ጥቂት ፊደል ነው፤ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

እርምጃ 8፦ ሞዱ ሲያድግ ምን እንደሚሆን አስቡ

ቨርዥን 0.2.0 ላይ የፈረሱ ዕቃዎችንም መቁጠር ፈለጋችሁ እንበል። ስቶሬጅ.ፈረሳ የሚል ቴብል ያስፈልጋል። ኦን_ኢኒት ላይ ብቻ ከጨመራችሁት ለአዲስ ጌም ይሠራል። ሞዱን ቀድሞ ለሚጠቀም ሰው ግን ኦን_ኢኒት አልፏል። ስቶሬጅ.ፈረሳ ኒል ይሆንበታል፤ መጀመሪያ ዕቃ ባፈረሰ ጊዜ ጌሙ ይቆማል።

ኦን_ኮንፊገሬሽን_ቼንጅድ ያለው ለዚህ ነው። የጌሙ ዋና ቨርዥን ወይም የማንኛውም ሞድ ቨርዥን ሲቀየር፣ ሞድ ሲጨመር ወይም ሲወጣ፣ በጅማሬ የሚነበብ ሴቲንግ ሲለወጥ ይጠራል። ከማስጀመሪያዎቹ የመጨረሻው እሱ ነው። ጌምም ስቶሬጅም በእጃችሁ ናቸው፤ መቀየር ትችላላችሁ። እኛ ሁሉን_አዘጋጅን ለሁለቱም ስላስመዘገብን ቴብሉን ለመፍጠር እዚያ የምንጨምረው አንድ መስመር ብቻ ነው።

    ስቶሬጅ.ፈረሳ = ስቶሬጅ.ፈረሳ ኦር {}

ካለ ይተወዋል፣ ከሌለ ይፈጥረዋል። ኦር የሚለውን አትርሱ። እሱ ከሌለ ማንኛውም ሌላ ሞድ በተቀየረ ቁጥር የተጫዋቹ ቆጠራ በሙሉ ይደመሰሳል። የእናንተ ሞድ ሳይነካ፣ ሌላ ሰው የጻፈው ሞድ ስለታደሰ ብቻ።

ቅደም ተከተሉም ልብ ይባል። ሞዱ ታድሶ አሮጌ ሴቭ ሲከፈት መጀመሪያ ኦን_ሎድ፣ ኋላ ኦን_ኮንፊገሬሽን_ቼንጅድ ይመጣል። ኦን_ሎድ የሚያየው አሮጌውን ስቶሬጅ ነው። አዲሱ ቴብል አለ ብላችሁ ውስጡ ገብታችሁ ብታነቡ እዚያው ይወድቃል። ከማንበባችሁ በፊት መኖሩን አጣሩ።

እርምጃ 9፦ በአምስት መንገድ ፈትሹት

አዲስ ጌም ጀምሩና ቁጥሩን እዩ። ሴቭ አድርጋችሁ መልሳችሁ ክፈቱ፤ ቁጥሩ ካቆመበት መቀጠል አለበት። ሞዱ ያልነበረበት አሮጌ ሴቭ ላይ ጨምሩትና ዕቃ ትከሉ። ኢንፎ.ጄሰን ላይ ቨርዥኑን ከፍ አድርጋችሁ የበፊቱን ሴቭ ክፈቱ። ሰው ካገኛችሁ ደግሞ መልቲፕሌየር ላይ ጌሙ እየሄደ መሀል ላይ እንዲገባ አድርጉ።

ስቶሬጅ ውስጥ ያለውን ማየት ስትፈልጉ የጌሙን ኮንሶል ክፈቱ። ኮንሶሉም የራሱ ስኮፕ አለው። በተለመደው የሲ ትእዛዝ ብቻ ስቶሬጅን ብትጠይቁ የሚመጣው የሞዳችሁ አይደለም፤ የሲናሪዮው (ጌሙ የተጀመረበት ካርታ ስክሪፕት) ነው። ከትእዛዙ ቀጥሎ የሞዳችሁን ስም ከፊትም ከኋላም በሁለት ሁለት የስር ሰረዝ ከልላችሁ ጻፉ፤ ያኔ ኮዱ በእናንተ ቤት ውስጥ ይሮጣል። ቴብሉን በሚነበብ መልክ ለማየት ጌም.ፕሪንት(ሰርፐንት.ላይን(ስቶሬጅ)) በሉ። ይህ ትእዛዝ የዚያን ሴቭ አቺቭመንት ስለሚዘጋ ለሙከራ የተለየ ሴቭ ያዙ።

ፋይሉ ገና ሲነበብ፣ ጌም ኒል በሆነበት ሰዓት፣ መልእክት ማተም ከፈለጋችሁ ጌም.ፕሪንት አይሠራም። ሎግ የሚለውን ፈንክሽን ተጠቀሙ። ጽሑፉ በፋክቶሪዮ ፎልደር ውስጥ ከረንት የሚል ስም ባለው የሎግ ፋይል ላይ ይወጣል። ሦስቱም ማስጀመሪያዎች ውስጥ አንድ አንድ የሎግ መስመር አስገቡና ፈተናዎቹን ድገሙ። የትኛው መቼ እንደተጠራ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

መልቲፕሌየር የሚፈትን ሰው ካጣችሁ ቶግል ሄቪ ሞድ የሚባል የኮንሶል ትእዛዝ አለ፤ በሦስቱ ቃላት መሀል አጭር ሰረዝ ይገባል። ጌሙ በየቲኩ ራሱን ሴቭና ሎድ እያደረገ ውጤቱ አንድ መሆኑን ያመሳክራል። በጣም ይንቀራፈፋል፤ ስለዚህ ትንሽ ካርታ ላይ አድርጉት። ሄቪ ሞዱ እንደበራ ጥቂት ዕቃ ትከሉ፣ አፍርሱ፣ ቆጠራው 100 እንዲያልፍ አድርጉ። ልዩነት ካገኘ በመጀመሪያ የምትፈልጉት ከስቶሬጅ ውጭ፣ ፋይሉ አናት ላይ ወይም ግሎባል ሆኖ ዋጋው የሚለዋወጥ ቫሪያብል ነው።